መሃይም ሆኜ የከረምኩባቸው ወራት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1972

ላምባ ዛሬም አልመጣም። ጨው ደህና ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሱቄን ዘግቼ ትምህርት ሄድኩ።

«ለ»ን ስንጽፍ ዋልን። እርሳሱን እንደ ዘነዘና ጨብጬ፣ ምላሴን ትንሽ ወጣ አድርጌ… ጀማሪ እንዲህ ነው የሚጽፈው። አጠገቤ ከምትቀመጠው ከገዲሴ አይቼ ነው የቀዳሁት። መምህራችን ወጋየሁ ከኋላዬ ቆመና «አይዞዎት እትዬ አረጋሽ፣ እጅዎ እየቆየ ይፈታል» አለኝ።

ይፈታል… ከተፈታ ሠላሳ ዓመቱ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7 ቀን

ጣቢያው ከተከፈተ ሦስተኛ ሳምንቱ። አሁንም ስሌቴ ልክ ነበር እላለሁ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲታወጅ ቀበሌያችን «ማንበብ የሚችል ነጋዴ ሁሉ ያስተምራል» አለ። ማስተማር ማለት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ፈረቃ። ምድቡ ደግሞ ላፍቶ ነው፤ በእግር፣ ያንን ሁሉ ጭቃ አቋርጦ። መማር ግን በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ፈረቃ። ጣቢያው ከሱቄ አምሳ እርምጃ አይሞላም፣ የተወረሰው ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነው። ነጋዴ የቱን ይመርጣል?

«ፊደል ቆጥረዋል?» አለኝ የዘመቻው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ከበበው፣ መዝገቡን እንደዘረጋ።

«በየት በኩል» አልኩት።

አልዋሸሁም። ጠየቅሁት እንጂ። «በሉ አሻራ ያድርጉ» አለ። አደረግሁ። አባቴ ቢያይ ኖሮ… የኔታ ዘንድ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ስድስተኛ ክፍል አስተምሮኛል፣ ሴት ልጅን ምን ያደርግላታል እየተባለ።

ይህን ደብተር ወደ ባዶ ጆንያዎቹ ሥር አዛውሬዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16 ቀን

ተያዝኩ።

ትናንት የቀበሌው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ስኳር ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይታደላል። ከበበው ለማያነበው ሰው ጮክ ብሎ የሚያነበው በሦስት ሰዓት ነው፤ ያኔ ስኳሩ ግማሽ ይሆናል። አንድ ሰዓት ላይ ሰልፉ ፊት ነበርኩ። ዞር ስል ከኋላዬ ገዲሴ። ልብስ የምታጥብላቸው ሰዎች ነግረዋት ነው የመጣችው።

«እትዬ፣ እርስዎን ማን ነገረዎት?»

«ሰው።»

«ትናንት ማስታወቂያው ፊት ቆመው ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

«ጸሎት ነው።»

«ለስኳር?» አለች።

ፊቴን ወደ ሰልፉ መለስኩ። ስኳራችንን ተቀብለን መንገድ ላይ ስንደርስ ዓላማዋን አወጣች። ለማንም አትናገርም። ግን ላስተምራት ነው።

«ወጋየሁ እያስተማረሽ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ለአርባ ሰው ነው። ለእኔ የሚደርሰኝ ምንም።»

ከዚያ እጇን አሳየችኝ። ጣቶቿ መሐል ቆዳው ተሰነጣጥቆ ሥጋው ይታያል። ሦስት ቤት ታጥባለች። ጤና ጣቢያ ሄዳ «ውኃና ሳሙና ካልተውሽ አይድንም» ብለዋታል። ምን በልታ ትተወው? ከበበው በስብሰባ እንደተናገረው ጥር ላይ የቀበሌ ሱቅ ይከፈታል፣ የሻጭነቱን ቦታ ደግሞ ከሦስቱ ጣቢያዎች አንደኛ የምትወጣ ሴት ታገኘዋለች። ገዲሴ እሱን ነው የምትፈልገው።

እንግዲህ እስቲ ይታየኝ። ማስተማርን ሸሽቼ መሃይም ሆንኩ። መሃይም ሆኜ ላስተምር ነው። ያውም የገዛ ሱቄን ተፎካካሪ።

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነይ» አልኳት። ምን ምርጫ አለኝ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 4 ቀን

አንድም ቀን አልቀረችም። ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። የቀበሌው መጽሐፍ ሰለቻት፣ «ላም፣ ማር፣ ማለዳ… የትኛው ቤቴ አለ?» ትላለች። ስለዚህ በዕቃ ጀመርን። ክብሪት። ጨው። ሻማ። ዛሬ ካርቶኑን አገላብጣ በጣቷ እየተከተለች «ሳ… ሙ… ና» አለች። ቀና ብላ ካርቶኑን ትክ ብላ አየችው።

«ለካ ስምሽ ይሄ ነው» አለቻት ሳሙናዋን። «እጄን ስትበይ የኖርሽ።»

ፈጣን አይደለችም። ግን የያዘችውን አትለቅም። እንዲህ ያለ ደንበኛ አውቃለሁ፣ ዋጋ ካልቀነስሽ አይሄድም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን

በጣቢያው ጥሩ መካከለኛ ሆኜ ቀጥያለሁ። ከአምስት ጥያቄ ሦስት አገኛለሁ። መካከለኛ መሆን ግን ሥራ ነው… ሁለቱን መርጦ መሳሳት።

አርብ፣ ኅዳር 20 ቀን

ምን ሆኜ ነው? እስካሁን አልገባኝም።

ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ተቆጣጣሪ መጣ። ጥቁር መነጽር፣ ሁለት እስክሪብቶ ደረት ኪስ ላይ። ከበበው ከኋላው። ወጋየሁ ጠመኔውን ከእጅ ወደ እጅ ያዛውራል። ወጋየሁ የቀለም ፋብሪካ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው፣ አስተማሪ ሁን ተብሎ ታዘዘ እንጂ ለምኖ አልመጣም። ግን ከልቡ ነው የሚያስተምረው፤ የዕረፍት ሰዓቱን ትቶ ነው የሚመጣው።

ተቆጣጣሪው ሰሌዳውን አሳየና «ማን ያነባል?» አለ። አርባ ሴት መሬት መሬቱን አየ። የሚችሉትም ፈሩ። ገዲሴ እጇን ግማሽ አነሳችና አወረደችው። «ሁለት ወር ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር?» አለ ሰውየው ወደ ወጋየሁ ዞሮ። ወጋየሁ አመድ መሰለ።

ተነሣሁ። አነበብኩት። ጣት ሳልቀስር፣ ሳልደናቀፍ፣ ነጥቡ ላይ እያረፍኩ… የኔታ እንዳስተማሩኝ።

«በሁለት ወር?» አለ ተቆጣጣሪው። ወጋየሁ ዕንባውን በጠመኔ እጁ ጠረገው፣ ፊቱ ነጣ። ከበበው ብቻውን ማጨብጨብ ጀመረ።

ወደ ገዲሴ አላየሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 23 ቀን

ከበበው ሱቄ ድረስ መጣ። ጥር ላይ ሦስቱ ጣቢያዎች በአንድነት የምረቃ በዓል ያደርጋሉ። የየጣቢያው ምስጉን ሠራተኛና ተማሪ ይሸለማል። «ኮከብ ተማሪዋ እርስዎ ነዎት» አለኝ። «ፈተናው ለወጉ ነው። ስምዎ ወደ ከፍተኛው ሄዷል።»

«የቀበሌው ሱቅስ?»

«የእርስዎ ነዋ። ይህቺን ይዘጋሉ፣ እዚያ ይገባሉ። ለሕዝብ መሥራት ነው።»

ገዲሴ ዛሬ ጠዋት አልመጣችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25 ቀን

መጣች። ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች። ደብተሯን ዘረጋች።

«ቂም የለኝም» አለች። «ሲያነቡ አምሮብዎት ነበር። ካህን ነው የመሰሉት።»

ከዚያ እርሳሷን አነሳች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን

ፈተና። ወረቀቴን አበላሸሁት። አልፎ አልፎ አይደለም፣ ከላይ እስከ ታች። አንዱን ጥያቄ ባዶ ተውኩ፣ አንዱ ላይ ቀለም አፈሰስኩ። ሱቄ ገብቼ «ተገላገልኩ» አልኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን

ውጤት ተለጠፈ። አረጋሽ፣ ዘጠና ስምንት። ገዲሴ፣ ዘጠና አንድ። ከሦስቱም ጣቢያ ሁለተኛ።

ወጋየሁን መንገድ ላይ ያዝኩት። «ወረቀቴን አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ እትዬ» አለ፣ ፈገግ ብሎ። «የፈተና ድንጋጤ ነው። እኔ እርስዎን አላውቅም? የሚያውቁትን ነው ያረምኩት።»

ደግ ሰው ሰውን የሚጎዳውን ያህል ክፉ ሰው አይጎዳም።

ገዲሴ ዘጠና አንድ… በራሷ ላብ። ከምታጥብላቸው ቤቶች አንዱ ወደ ናዝሬት ሊዛወር ነው፣ ሌላው እጇን አይቶ ተጠይፏታል። አንድ ቤት ቀርቷታል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን

ሚዛን ላይ ላስቀምጠው። እውነቱን ብናገር ከዘመቻ ሸሸች ተብዬ ሱቄ ይታሸጋል። ያ ብቻ ቢሆን… ወጋየሁም የሐሰት ሪፖርት ላከ ይባላል። ዝም ብል ገዲሴ ታጣለች። ታመምኩ ብል? ከበበው ሐኪም ያመጣል። ቦታውን አልፈልግም ብል? «ለሕዝብ መሥራት አልፈልግም» ብዬ ልፈርም?

ከበበው ራሱ ስሜን መሰረዝ አለበት። በፈቃዱ። ደስ ብሎት። ምን የሚፈራው ነገር አለ? ተቆጣጣሪውን። ከዚያስ? ራሱ በስብሰባ የሚናገራቸውን ቃላት።

አርብ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን

ቀበሌ ሄድኩ። ከበበው ቢሮው ውስጥ የሽልማት ዝርዝር ያዘጋጃል።

«ጓድ ከበበው» አልኩት። ጓድ ሲባል ወንበሩ ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። «አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው። እንግዶቹ ፊት ኮከብ ተብዬ ስቆም፣ ሥራሽ ምንድን ነው ቢሉኝ ምን ልበል?»

«ነጋዴ ነኝ ይበላ።»

«በስብሰባ ሲያስተምሩን ነጋዴን የጠሩበት ቃል ነበር… ንዑስ ምን?»

እስክሪብቶው ቆመ።

«ከበርቴ» አለ ሳይወድ።

«እሱን። እኔማ ምን ቸገረኝ፣ እሸለማለሁ። ለእርስዎ ብዬ ነው። ከሦስት ጣቢያ ጭቁን ጠፍቶ ንዑስ ከበርቴ ሸለመ እንዳይሉዎት። ያ መነጽራሙ ሰውዬ ደግሞ ነገር የሚያጣራ ይመስላል።»

ከበበው መስኮቱን ዘጋ። ለምን እንደዘጋው እኔም አላወቅሁም።

«ሁለተኛ የወጣችው ማናት?» አለ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ልብስ አጣቢ ናት መሰለኝ።»

«ልብስ አጣቢ…» ቃሉን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ አገላበጠው። «ወዛደር። ሴት። ጭቁን።» ስሜን ሰረዘ፤ ሁለት ጊዜ፣ ከላይም ከታችም። ልወጣ ስል «ለመሆኑ የንግድ ፈቃድዎ ታድሷል?» አለኝ፣ እንደ አዲስ እያየኝ።

ታድሷል። ግን ይህን ጥያቄ በገዛ እግሬ ሄጄ ነው የገዛሁት። ርካሽ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን

ገዲሴ ሰምታ መጣች። «ምን ብለው ነው?» አለችኝ። «መደቤን ነገርኩት» አልኳት። አልገባትም። አላስረዳኋትም። ወጋየሁ ግን ሁለት ቀን አዘነ፣ በእኔ ፈንታ ተበድሎ።

እሑድ፣ ጥር 4 ቀን

በዓሉ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ዳስ ተጣለ፣ ሦስቱ ጣቢያዎች በሦስት ረድፍ። ያልተሸለመ ሰው ፈልጌ አጣሁ። የሳሪሱ ጣቢያ በንጽሕና። የጎፋው በሰዓት አክባሪነት፤ አርፍደው ነው የመጡት። ጥበቃው ኑሪ አግዳሚ ወንበር ስላልተሰረቀበት ተሸለመ። ከተሰጠው መጽሐፍ ወፍራምነት የተነሣ በሁለት እጁ ነው የያዘው። ኑሪ ማንበብ አይችልም፤ ጥበቃ ላይ ስለሆነ የሚማርበት ሰዓት የለውም። ማንም አላሰበውም።

ወጋየሁ ምስጉን አስተማሪ ተባለ። ሲጨበጨብለት የሚደበቅበት አጣ።

ከዚያ ገዲሴ። ከበበው ያልተለማመደችውን ወረቀት ሰጣት፣ ስለ ውኃ ማፍላት። ሻርፗን አስተካከለች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች። ቀስ… ቀስ… አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር። ሦስተኛው ላይ ቆመች። «ተላ…» አለች። ተቆጣጣሪው መነጽሩን አወለቀ። ከኋላ አንዱ ሳል ጀመረው።

በዕድሜዬ የሸጥኩትን ዕቃ ሁሉ በአንድ ቀን ብከስር እንዲያ አልጨነቅም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ቀመሪያ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ምን ታነበንቢያለሽ?»

«ጸሎት» አልኳት።

«ተላ… ላፊ» አለች ገዲሴ። ቀና ብላ ሰዉን አየች፣ እንዳይሄድባት የፈራች ይመስል። «ተላላፊ በሽታ።» ከዚያ ወዲያ አልቆመችም። እስከ መጨረሻው። ግቢው ተናወጠ። ወጋየሁ የዳሱን ምሰሶ ይዞ አለቀሰ።

ከበበው በንግግሩ «እንደ ወይዘሮ አረጋሽ ያሉ ንዑስ ከበርቴዎች እንኳ መካከለኛ ውጤት አምጥተዋል» አለ፣ ዘጠና ስምንቴን ውጦ። ሰው ዞሮ አየኝ። እጅ ነሣሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን

የቀበሌው ሱቅ ተከፈተ። ጨው ከእኔ ረክሶ ይሸጣል። እስከ ምሳ አራት ሰው ብቻ ገባልኝ፣ አንደኛው መንገድ ጠያቂ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሁንም እነቃለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ… ማንም አይመጣም።

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን

ሳሙና ለቀበሌ ሱቅ ብቻ መጣ። ለእኛ ለግሎቹ አልደረሰንም። ደንበኞቼ ይጠይቁኛል፣ ሁለት ሦስት ባገኝ መደርደሪያው ባዶ አይሆንም ብዬ ሄጄ ተሰለፍኩ።

ገዲሴ ከባንኮኒው ኋላ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ። መዝገቡ ፊቷ ተዘርግቷል። «ደኅና አደሩ እትዬ አረጋሽ» አለች፣ ከማንም በላይ አክብራ። ተጠግቼ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ሦስት ስጪኝ።»

ጣቷ ዝርዝሩ ላይ ወረደ። በጣቶቿ መሐል ቆዳ ይዟል፣ ስንጥቁ ጠግጓል። «አረጋሽ… የቤተሰብ ብዛት፣ አንድ። ሳሙና፣ አንድ።»

«ገዲሴ። ማን ነው ያስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ። እድሜ ይስጥዎት» አለች፣ አንዷን ሳሙና በሁለት እጇ እያቀበለችኝ። «ባያስተምሩኝ ኖሮ ሦስት እሰጥዎ ነበር።»

ተራው የቀመሪያ ነበር፣ ከኋላዬ ሆና እየሳቀች ገፋ አደረገችኝ። ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ።