ከመዝገቡ የተነሣሁበት ቀን

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ በዳኝነት ከያዝኩት መዝገብ በገዛ ፈቃዴ ተነሣሁ።

ክርክሩ መጋላ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው። ቀፊራ ገበያ እህል የሚሸጠው ጀማል "የአባቴ ናት" ብሎ በር ሊገጥምባት ይፈልጋል። ጎረቤቱ ወይዘሮ ሀሊማ ደግሞ "የጋራ ናት፤ ዋላሂ ልጆቼ ያደጉባት ናት" ይላሉ። ሁለቱም ሰነድ የላቸውም።

ትናንት መዝገቡን ሳነብ የጀማልን አባት ስም አየሁና ደነገጥኩ። በትርፍ ጊዜዬ የሰፈሩን የድሮ የውሃ ጉድጓዶች ታሪክ ስሰበስብ ሽማግሌውን ከማረፋቸው በፊት አነጋግሬያቸው ነበር። ደብተሬን ፈልጌ ገለጥኩ። "መተላለፊያዋን ከጎረቤቴ ጋር ተስማምተን ነው የተውናት፤ ውሃ ለሚቀዳ ሁሉ ናት" ብለውኛል።

ጠዋት ችሎት ላይ፣ "ስለዚህ ጉዳይ ከመዝገቡ ውጭ የማውቀው ነገር አለ፤ ስለዚህ ልፈርድ አልችልም" አልኩ።

"ክቡር ዳኛ፣ ምንድን ነው የሚያውቁት?" አለኝ ጀማል።

"ለምስክርነት ከተጠራሁ ያኔ እናገራለሁ" አልኩት።

ጸሐፊያችን ወይዘሮ አልማዝ ኮሪደር ላይ አገኙኝና፣ "ዝም ብለው ቢፈርዱ ማን ያውቅብዎት ነበር?" አሉኝ።

ማንም አያውቅብኝም ነበር። ፍርዱም ትክክል ይሆን ነበር። ጀማል ግን በምን እንደተሸነፈ ሳያውቅ ቤቱ ይገባ ነበር። ደብተሬ ይታመን አይታመን የሚተካኝ ዳኛ ይወስን። የሠራሁት ልክ ነው፤ አልጠራጠርም።

የሚከብደኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁ የአባቱን ቃል ከእኔ አፍ ሲሰማ ፊቱን እንዴት አድርጌ እንደማየው...