ግራ እጅህን ያየው ሰው

ይድረስ ለወንድሜ ለአባይነህ። እንደምን ከርመሃል? ቤትህ፣ ከብትህ፣ ቡቃያህ እንደምን ነው? የእናታችን ጉልበት ተሻላት ወይ? ገላነሽስ በሰላም ተገላገለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን ቀኝ እጄ ከሰው እጅ ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቷል።

አትደንግጥ። ወይም ደንግጥ፣ ይገባሃል። ለጥምቀት መጥተህ ስትመለስ ትተኸው የሄድኸውን ጥቁር በርኖስ ደርቤ በፋሲካ ማግስት ወደ ጀጎል ገበያ ወጣሁ። ዐብዱልጀሊል የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ከሱቁ ዘሎ አነቀኝ። በቅሎዬን ልሞክራት ብሎ ጋልቦ የጠፋው ሌባ ይኸው ብሎ አገር ሰበሰበብኝ። በርኖሱን ለየ፤ ከአባታችን የወረስነውን የፊት ጥርስ ፍንጭት ለየ፤ ሳቁም ያው ነው አለ። እኔ እንኳ የሳቅሁት ደንግጬ ነው። ዳኛውም እስከ ሰኔ ሚካኤል ማግስት ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ቆዩ ብለው የእኔን ቀኝ ከእርሱ ግራ ጋር አሳሰሩን።

ስለ ዳማዪቱ በቅሎ እኔና አንተ ብዙ መነጋገር አያሻንም። በርካሽ ገዛኋት ብለኸኝ ጎሕ ሳይቀድ ስትወጣ ስንቅህን የቋጠርሁልህ እኔ ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ኑሯችንን ብታይ ታለቅስ ነበር፤ ወይም ትስቅ ነበር፣ አንተን አላምንህም። እርሱ ሲሰግድ እኔም ሳልወድ አብሬ እጎነበሳለሁ። እኔ ሳማትብ የእርሱ እጅ እስከ ግንባሬ አብሮኝ ይወጣል፤ እርሱም አስተግፊሩላህ እያለ ፊቱን ያዞራል። እኔ የእርሱን ሥጋ አልበላ፣ እርሱ የእኔን አይበላ፣ ሁለታችንም በሽሮ ከስተናል። ስፌቴ ቆሟል። እርሱም ሌባ አስከትዬ ጨርቅ አልሸጥም ብሎ ሱቁን ዘግቷል። ተኝቼ ስገላበጥ ጎትቼ እቀሰቅሰዋለሁ፤ እርሱም ሲገላበጥ ይጎትተኛል። በጀጎል ጠባብ መንገድ ጎን ለጎን መሄድ ስለማንችል አንዳችን ሌላውን እንደ በግ እየሳብን ነው የምናልፈው። ወንድሜ፣ በጣም ጨንቆኛል።

ለካስ ሰውየው ይህን ሁሉ ቀን ሲያጠናኝ ኖሯል። ቀኜ ስለታሰረ ሁሉን ነገር በግራዬ ልሞክር እላለሁ። ስጎርስ ደረቴ ላይ ይፈስሳል። ባለፈው ረቡዕ የሱሪዬን ማሰሪያ መፍታት አቅቶኝ ስታገል አየኝና፣ “ወላሂ አንተ አይደለህም! ያ ሰው የበቅሎዬን ገመድ የፈታው በግራ እጁ ነው፤ ዓይኔ እያየ ላጥ አደረገው” አለኝ። በርኖሱና ጥርሱ ዓይኔን ይዘውት እጁን ረሳሁት እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኔም እፎይ ልል ነበር። ነገር ግን አሁን ቃሉን ቢያጥፍ በሐሰት ከሳሽነት ይቀጣል፤ እርሱም እንደ እኔ ተይዟል። ጥቂት ቆይቶ፣ “ወንድም አለህ ወይ?” ብሎ ጠየቀኝ።

የለኝም አልሁት።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ አልጠየቀኝም። በቅሎዬ ከተመለሰች ክሱን እተዋለሁ፣ የሚደርስብኝንም እችላለሁ ብሎኛል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ከሚያደርስልህ ነጋዴ ከሳህሉ ጋር በቅሎዪቱን ስደድ፤ እስከ ፈላና በር ያደርሳታል። አንተ ራስህ እንዳትመጣ። ጢምህን ብታሳድግ፣ አፍህን ብትሸፍን አይጠቅምህም፤ ሰውየው ከእንግዲህ ፊት አያይም፣ እጅ ነው የሚያየው። በቅሎዪቱ ካልመጣች ግን በቀጠሮው ቀን መስቀል አስጨብጠው ያስምሉኛል። ወይ በሐሰት እምላለሁ፣ ወይ ስምህን እጠራለሁ። የትኛውን እንደማደርግ እኔም አላውቅም፤ እንዳትፈትነኝ እለምንሃለሁ።

ይህን ስጽፍ እጁ ከእጄ ጋር በወረቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። ደግነቱ ፊደላችንን አያነብም። ለማን ነው ቢለኝ ለእናቴ ነው አልሁት።

ገላነሽ ተገላግላ እንደ ሆነ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ። አራሱን ልጅ ሳምልኝ፤ ስሙን ማን አላችሁት? ጎረቤታችንን እልፍነሽን፣ የንስሐ አባታችንንም እጅ እነሣለሁ። የእናታችንን የወለተሥላሴን ጉልበት ስሜያለሁ። ዐብዱልጀሊልም ሰላምታ አለው። እናትህን ሰላም በልልኝ፤ ልጅሽ ሌባ አይደለም፣ በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ ብለህ ጻፍልኝ ብሎኛል። ይኸው እንዳለኝ ጽፌዋለሁ። እርሷ ማንበብ አትችልም፤ ቁጭ ብለህ አንተው በአፍህ አንብብላት።

እንደሻው
ሐረር፣ ፈላና በር
ግንቦት ፫ ቀን ፲፱፻፲፩ ዓ.ም.