ስለ ዌንደል ያልነገርኩህ

ውድ ኦሪን፣

ከዚህ ከተማ የሚላክልህን ደብዳቤ ሳትከፍት እንደምትጥል እህትህ ቬርና ነግራኛለች። ይህንንም ልትጥለው ትችላለህ። እኔ ግን አድራሻህን ለምኜ ተቀበልኳት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ዝም ማለት ችዬ ነበር፤ ካለፈው ሳምንት ወዲህ አልቻልኩም።

ያን እሑድ ታስታውሳለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ግን ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አንተ የምታውቀው እኔ የነገርኩህን ብቻ ነውና።

ያን በጋ በቤዝቦል ጨዋታችን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ኳስ እንኳ በዱላዬ ማግኘት አልቻልኩም ነበር። አሠልጣኛችን ሽማግሌው መርትዝ ያን እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠርተውኝ፣ ዛሬም ካልሆነልኝ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሌላ ሰው እንደሚያስገቡ ነገሩኝ። አፍሬ ለአንተም አልነገርኩህም። ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ከተማ ከኖርቦርን ጋር ስንጫወት በአምስተኛው ዙር ተራዬ ደረሰ። የሚወረውረው ዌንደል ፕሮሃስካ ነበር፤ የአናጺው ልጅ፣ ገና ሃያ ዓመቱ። ኳሱ ፈጣን ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን እሱም አያውቀውም ነበር። ሁለተኛዋን ሲወረውር ወደ እኔ ተጠጋች። ትንሽ ወደ ኋላ ብል ኖሮ ታልፈኝ ነበር። ኳስ የነካው መቺ ኳሷን ሳይመታ በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ እንደሚሄድ ትዝ አለኝና ክርኔን አወጣሁላት።

ይኸው ነው ኦሪን። እኔ ነኝ ያወጣሁት።

መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አሞኛል፤ የጮኽኩትን ያህል ግን አልነበረም። የጮኽኩት ዳኛው እንዳይጠረጥረኝ ነው። ዌንደል ኮፍያውን አውልቆ ሊጠይቀኝ ሁለት እርምጃ ሲራመድ የእኛዎቹ፣ «አንተ አናጺ፣ ሚስማርህን እቤትህ ሄደህ ምታ!» ብለው ሰደቡት። እሱም ተመለሰ።

ዙሩ አልቆ ወደ ወንበራችን ስንመለስ መርትዝ የእኛ ወርዋሪ የነበርከውን አንተን ለብቻህ አልጠሩህም፤ ሁላችንም እንድንሰማ ነው የተናገሩት። «የእኛን ሰው መትተው በሰላም እራታቸውን ከበሉ፣ በሚቀጥለው እሑድ ጭንቅላታችን ላይ ነው የሚወረውሩት» አሉ። የተከራከርካቸው አንተ ብቻ ነህ። ልጁ ኳሱ ከእጁ አምልጦት ነው አልክ። ሰው ላይ መወርወር ጨዋታ አይደለም፣ ከተናደድን በውጤት እንብለጣቸው አልክ። እሳቸውም አባትህ ለዚህ ቡድን ሲወረውሩ ጓደኞቻቸውን አስመትተው ዝም ብለው እንደማያውቁ ነገሩህ። ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩብህ።

ከዚያ መጥተህ እፊቴ ቁጢጥ አልክ። ክርኔ ላይ በረዶ ይዤ ነበር።

«ሌላንድ፣ ለአንተ ብዬ የማደርገው ከሆነ እውነቱን ልወቅ። ሆን ብሎ ነው?»

«ፊቴን እያየ ነው የወረወረው» አልኩህ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። መርትዝ አጠገባችን ቆመው ነበር። እውነቱን ብናገር ከሰኞ ጀምሮ የከተማው መሳቂያ እሆን ነበር። ሌላም አለ፤ ይኼኛው ይብሳል። ለእኔ ብሎ የሚቆጣ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዌንደል ሊመታ ሲቆም ጎኑን ነበር ያሰብከው። አውቃለሁ፤ አወራወርህን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። እሱ ግን ሊያመልጥ ብሎ ጎንበስ አለና ኳሷ ጭንቅላቱን አገኘችው። ድምፁን አልጽፍልህም። ያኔ የከተማችን አምቡላንስ የቀብር ቤቱ ጥቁር መኪና አልነበረች? እናቱ እሷን ሲያዩ ልጃቸው የሞተ መስሏቸው አጥሩ ሥር ቁጭ አሉ። አንተ ከቆምክበት አልተንቀሳቀስክም። ማንም ወደ አንተ አልመጣም፣ እኔም አልመጣሁም።

ግራ ዓይኑ ጠፋ። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ምላሱም ተያዘ። በመስከረም ወደ ቤታቸው ሄደህ ስትመለስ፣ እኔ ከምሠራበት የእህል ጎተራ በር ላይ መኪናህን አቁመህ የሆነውን ነገርከኝ። እናቱ አስገብተው ከጋገሩት የፖም ኬክ ቆርሰው ሰጡህ። «ልጄ ምን አድርጎህ ነው?» ብለው ሲጠይቁህ፣ «ጓደኛዬን ስለመታው ነው» አልካቸው። ይህን ስትነግረኝ መሪውን በሁለት እጅህ ጨብጠህ ነበር። ልነግርህ አፌን ከፈትኩ። «አይዞህ» አልኩህ።

በጥቅምት ላሞችህን ሸጠህ ሄድክ። በሚቀጥለው ዓመት ኖርቦርኖች ከእኛ ሁለት ሰው መቱ፤ እኛም መለስንላቸው። መርትዝ እስኪሞቱ ድረስ ያንኑ ንግግር ሲናገሩ ነበር። እኔ ቦታዬን አላጣሁም፤ ስድስት ዓመት ተጫወትኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ወደ ዌንደል ሄድኩ። እናቱ ካረፉ ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። በአንድ እጁ የወፍ ቤት እየሠራ አገኘሁት። እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኩት። መዶሻውን አስቀመጠና ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ መለሰልኝ።

«አውቃለሁ። ክርንህን ስታወጣ አይቻለሁ።»

ታዲያ ለምን አልተናገርክም አልኩት።

«ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም።»

ይቅር በለኝ አልኩት።

«ኦሪንን እናቴ ጋ የመጣ ቀን ይቅር ብዬዋለሁ። ልነግረው ሞከርኩ፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። የጮኽኩበት መስሎት ተነስቶ ሄደ። አንተን ግን ገና ዛሬ መስማቴ ነው።»

በሩን ከፍቶ ያዘልኝና ወጣሁ።

ኦሪን፣ ይህ ደብዳቤ ምን እንደሚያደርግብህ ይገባኛል። ለእናቱ የነገርካቸው ምክንያት እስከ ዛሬ ብቸኛ መጽናኛህ ይሆናል፤ እሷንም ወሰድኩብህ። አንተ በእኔ ውሸት አንድ ንጹሕ ልጅ መትተሃል፤ ይህን ካነበብክ በኋላ እንቅልፍ ከዱሮው ይብስብሃል እንጂ አይሻልህም። ሁለት ጊዜ ልቀደው ተነስቼ ነበር። ግን ይቅር ማለቱን ብቻ ጽፌልህ የራሴን ደብቄ ብልክልህ፣ ያን ቀን ወንበሩ ላይ ከዋሸሁህ ምን ለየኝ? አንተ እንደሆንክ ከእንግዲህ የሚሻልህ መንገድ አላስቀረሁልህም።

መልስ አትጻፍልኝ። ዌንደል ስልክ አለው፤ ቁጥሩን ከታች ጽፌልሃለሁ። ሲናገር ቀስ ነው የሚለው፤ ሳትዘጋ ጠብቀው። የእኔን ቁጥር አልጻፍኩም።

ደህና ሁን።

ሌላንድ