ምላሴን ያየው ማሽን

ውድ ደሬ፣

«ያ ማሽን ምላስህን አይቶ የቀረህን ዕድሜ ይነግርሃል» አለ አንድ ሐበሻ ትራም ላይ ለጓደኛው። እኔም እስክወርድ አፌን ገጥሜ ተቀመጥኩ። ማን ያውቃል፣ ትራሙም ካሜራ አለው።

ከተለየኸን ሁለተኛው ሙት ዓመትህ አለፈ። ልጃችን መክሊት አምስተርዳም ሥራ ይዛለች፤ ብስክሌትህን ወስዳዋለች። ስኪልደርስዋይክ ሰፈር ያሉት ቻይናዊ ሐኪምህ ግን አርጅተዋል። የደም ሥርህን ትርታ ያዳምጡበት የነበረው ጠረጴዛ ላይ አሁን የሮተርዳም ተመራማሪዎች ያመጡት ካሜራ ተተክሏል። የሐኪሙን የዕድሜ ልክ እውቀት ለኮምፒውተር እያስተማሩ፣ ከደም ምርመራ ጋር ያመሳክሩታል። ወደፊት እሳቸው ባይኖሩም ማሽኑ ይኖራል ይላሉ። ይህ ሲነገር እሳቸው ፈገግ ይላሉ፤ ደስ ብሏቸው መሆኑን እንጃ።

የሰጡህ ቅጠል ውስጥ የነፍሳት ቅርፊት አግኝተህ፣ ጾም ያስገድፍ እንደሆነ ቄሱን የጠየቅከው ትዝ ይልሃል? ሳምንት አሰቡበትና «ከመረረህ ጠጣው፣ ከጣፈጠህ ተው» አሉህ። አንድም ቀን ጣፍጦህ አያውቅም።

ባለፈው ዓርብ እኔም ለጥናቱ ብዬ ምላሴን አወጣሁ። ማሽኑ «ቢጫ፤ ጉበት ይታይ» ብሎ ወደ ቤተሰብ ሐኪሜ፣ ወደ ሃውስአርትሷ መራኝ። አንተንም ሐኪሙ ምላስህን አይተው ሆስፒታል የላኩህ ከዚያው ወንበር ላይ ነው። ያንተም ቢጫ ነበር። ያንተም ጉበት ነበር።

«ማማ፣ ኦንደርዙክ እኮ ነው፣ ጥናት ብቻ! ምን ያስጨንቅሻል?» ትለኛለች መክሊት በስልክ። ግን በቀን ሦስት ጊዜ ትደውልልኛለች። አባቷን ቀብራለች፤ አሁን ደግሞ የእኔን ውጤት ልትጠብቅ ነው። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው። እስከዚያ ጥርሴን የምቦርሸው የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አጥፍቼ ነው፤ መስታወቱ ሁለተኛ አስተያየት እንዳይሰጠኝ።

ሐኪምህ ምላስህን ከማየታቸው በፊት ሁልጊዜ «ዛሬ ምን በላህ?» ይሉህ ነበር። አንተም ንስሐ ልገባ አልመጣሁም እያልክ ታጉረመርም ነበር። ማሽኑ ምንም አልጠየቀኝም። ጨዋ ነው።

እስካለሁ አልረሳህም፣ ደሬ። «እስካለሁ» የሚለው ቃል እንዲህ ያስፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እኔ ባልኖር እንኳ መክሊት እንድታስታውስህ፣ የቄሱን ነገር በየጊዜው እነግራታለሁ።

ምላሴን ያወጣሁበት ያ ዓርብ ጾም ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመስኩም፤ ከዚያ እርድ የበዛበት ድንች አልጫ በልቼ፣ በቀጥታ ወደ ሐኪምህ ሄድኩ።