ከጀልባው ሥር ያለፈው ዓሣ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ተናኘ። የፍልሰታ ጾም እንዴት ይዞሻል? እኔ፣ ስሙ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ፊደሉን ተለቅ ተለቅ አድርጌ የጻፍኩት ስታነቢ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው።

ትናንት ከታክሲ ባልደረባዬ ከፉአድ ጋር እዚሁ አቅራቢያችን፣ አሌክሳንድሪያ አጠገብ ካለ ሐይቅ ዓሣ ልናጠምድ ሄድን። ማስኪ የሚሉት አለ፤ ጥርሳም፣ ኩሩ ዓሣ ነው። ቀኑን ሙሉ መንጠቆ ሲወረውሩለት ቢውሉ ዞር ብሎም አያይ። «ብትይዘውስ፣ ጾም ላይ ነህ፤ ምን ልታደርገው?» ይለኛል ፉአድ። «እለቀዋለሁ» እለዋለሁ።

ወደ አመሻሹ ላይ መንጠቆውን ወደ ጀልባው ስስብ ፉአድ ድንገት «ተከትሎሃል! እዚሁ ሥርህ ነው፤ መሳቡን አታቁም!» ብሎ ጮኸ። ጎንበስ ብዬ በዓይኔ ፈለግሁት። ውሃው ድፍርስ ነው፤ በነሐሴ ሁሌም እንዲህ ነው። ፉአድ ግን በጣቱ እያሳየ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ዝንጉርጉር ሳይቀር ነገረኝ።

 መኪናው ጋ ስንደርስ ፉአድ «ቁልፉን ስጠኝ፤ ዛሬ እኔ ልንዳ» አለኝ። የገዛ መኪናዬን! ተቆጣሁት፤ ግን ሰጠሁት።

ታክሲውንም ከዚህ ወር ጀምሮ የማታውን ሺፍት ትቼ ቀን ቀን ብቻ ነው የምነዳው። የማታ ተሳፋሪ ነገሩ ብዙ ነው።

እትዬ፣ እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው፤ አባባን እጃቸውን ይዘሽ ቤተ ክርስቲያን መውሰድ ስትጀምሪ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?

ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ምሕረቱ አይለይሽ። መልሱን ስትጽፊልኝ፣ አንቺም ፊደሉን ተለቅ ተለቅ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ ኃይለልዑል