ቀለበትሽ አልገባ ያለ ጊዜ

ጋምቤላ፣ ኒውላንድ
ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዩስራ፣ ዲማ

ዩስርዬ የዓይኔ ማረፊያ፣ አሰላሙ አለይኩም። ሆድሽ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ሙቀቱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ጎረቤታችን ኛቴኒ፣ የቱት ሚስት፣ ሰኞ ዕለት ከሞት ደጃፍ ተመለሰች። ስምንተኛ ወሯ ነበር። ፊቷና እጇ ሲያብጥ "ደልቷታል፣ ወፈረች" እያልን ስንቀልድባት ከርመን፣ ሰኞ ሱቄ መጥታ "የዩስራ እናት፣ ራሴ ሊፈርስ ነው፣ ዓይኔም ጨለመ" አለችና እዚያው ተደፋች። በባጃጅ አጣድፈን ሆስፒታል አደረስናት። የእርግዝና ደም ግፊት ነው ብለው ቶሎ በኦፕራሲዮን አዋለዷት። ነርሷ "ስታብጥ እያያችሁ ምነው ግፊቷን ሳታስለኩላት ቀራችሁ?" ስትለን እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ለምን እንደደፋሁ ታውቂያለሽ። መጨረሻ የደወልሽ ቀን "ቀለበቴ አልገባ አለኝ፣ ራሴንም ያመኛል" አላልሽኝም? እኔ ደግሞ "አማትሽ ገንፎ እየጋተች አወፍራሽ ነው!" ብዬ ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ቀንቼ ነው፣ ምን ልደብቅሽ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት አይደል የሚወለደው? አልጋሽን አንጥፌ፣ ቅቤሽን አንጥሬ ስጠብቅ፣ አማትሽ ነጅሚያ "መንገዱ ይጎዳታል" ብላ አስቀረችሽ። ይባስ ብላ ፎቶሽን ላከችልኝ፤ "እስቲ እዪያት፣ እንዴት እንዳማረባት!" ብላ። እሱንስ ቻልኩት። እኔን ስልክ ላይ ይዘሽ እሷን "እማዬ" ብለሽ ስትጠሪያት ነው አንጀቴ የተቃጠለው። የኔን ስም ሰጠሽብኝ!

ፎቶሽን አሁን ሳየው ግን ያ ድፍን ያለው ጉንጭ የኛቴኒ ፊት ሆኖ ይታየኛል።

ኔትወርኩ እንቢ ቢለኝ ነው ይህን በሾፌር የላክሁት። እንደደረሰሽ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ደም ግፊትሽን ይለኩሽ፣ ሽንትሽንም ይመርምሩልሽ። ነገ እሄዳለሁ እንዳትይኝ።

አሁን ስጽፍልሽ ቱት ከሆስፒታል መጣ። "ኛቴኒ ደህና፣ ልጅ ትንሽ ነው ግን ጡት ያዘ" ብሎ ሳቀ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ "የዩስራ እናት፣ ያንቺ ልጅስ ተለካች?" አለኝ። 

ልጄ፣ ራስሽን ሲያምሽ፣ ዓይንሽ ሲጨልምብሽ እኔን አትጠብቂ፤ እኔ ሩቅ ነኝ። አጠገብሽ ያለችውን "እማዬ" ብለሽ ጥሪያት። ጮክ ብለሽ ጥሪያት። ደብዳቤውንም አንብቢላት፤ ስለ ቅናቴ የጻፍሁትን ሳትዘዪ።

አላህ ሁለታችሁንም በሰላም ያገናኛችሁ፣ አንቺንና ሆድሽ ውስጥ ያለውን።

የመጀመሪያዋ እናትሽ፣
ከይሪያ