የተላቀቀው ትከሻዬና አማቴ

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ፈረምኩ። የሆስፒታሉ የስምምነት ቅጽ ላይ «አጥንት ሊሰበር ይችላል» የሚለውን ሁለቴ አንብቤ ፈረምኩ። ነገ በማደንዘዣ አስተኝተውኝ፣ ዶክተሩ የተቆለፈውን ቀኝ ትከሻዬን በእጁ ያላቅቀዋል። መቅደድ የለም፣ መስፋት የለም። ስምንት ወር ሙሉ ፀጉሬን ያበጠረልኝ ባሌ ነው። ሲያበጥር ሳር የሚያጭድ ይመስለዋል። በቃኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ስነቃ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ተሰበረ?» ብዬ ነው። አልተሰበረም። ዶክተሩ ክንዴን አንስቶ ጆሮዬ አጠገብ አደረሰው። የኔ አልመስል አለኝ። አለቀስኩ።
ትእዛዝ፦ በቀን አራት ጊዜ ማንቀሳቀስ፣ ቢያምም። ካረፈ ተመልሶ ይቆለፋል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ማደንዘዣው ለቀቀና ሕመሙ መጣ። አማቴም፣ የባሌ እናት፣ ሊያስታምሙኝ ከካቺሲ መጡ። ገና ከመግባታቸው ክንዴን በነጠላቸው አንገቴ ላይ አሰሩት። ላነሳው ስል በኦሮምኛ «ዲሲ!» ይሉና «ተዪው ልጄ፣ ይረፍ» ይላሉ። አማት እንዴት እምቢ ይባላል? ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ክንዴ ከፍ እንዲል በጣቶቼ ግድግዳውን ወደ ላይ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ብቻ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ሚካኤልን አንግሦ የተመለሰው ሁሉ ሊጠይቀኝ እኛ ቤት ገባ። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ዳቦ። ሁሉም «እንዳታንቀሳቅሺው» ይላል፤ እኔም ታስሬ ፈገግ እላለሁ። ሲወጡ ሞከርኩት። ከትከሻዬ በላይ አልወጣም አለ። ማክሰኞ ጆሮዬ ጋ የነበረ ክንድ! በጣም ፈራሁ። በደግነታቸው ሊቆልፉኝ ነው። ባሌን «ለእናትህ ንገርልኝ» ብለው፣ «በሴቶች ነገር አልገባም» ብሎ ወጣ። ጀግና።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
አማቴን ይዤ ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። ባለሙያው ክንዴን ሲያነሳው ጮህኩ፤ አማቴ እጁን ያዙት። እሱም ሳይቆጣ በኦሮምኛ አስረዳቸው፦ ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል፣ እንደገና በማደንዘዣ ማስተኛት ሊመጣ ነው።
አማቴ እጁን ለቀቁት። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ግራ ክርናቸውን አሳዩን። አይዘረጋም። ልጅ ሆነው ወድቀው፣ ወጌሻ አስሮላቸው፣ ቤተሰቡም እንዳትነኪው እያለ ወራት ቆይቶ በዚያው ቀርቷል። አሥራ አምስት ዓመት ምራታቸው ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር።
«እኔንም ሲያሳርፉኝ ነው የደረቀው» አሉ። ቤት ስንደርስ ነጠላቸውን ከአንገቴ ራሳቸው ፈቱት።

እሁድ፣ ኅዳር 14
ጠያቂ ሲመጣ አማቴ በር ላይ ቆመው «ሥራ ላይ ናት፣ ትንሽ ቆዩ» ይላሉ። እኔ ጓዳ ውስጥ ክንዴን እያነሳሁ እጮኻለሁ፣ እሳቸው ይቆጥራሉ። አሥር ሳይሞላ ምሕረት የለም። ከባለሙያው ይብሳሉ። ማታ ክንዴ ጆሮዬ ጋ ሊደርስ ሁለት ጣት ቀረው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
አማቴን መናኸሪያ ሸኘኋቸው። የካቺሲው መኪና ሞልቶ ሞተር አስነስቷል፤ ቸኩለዋል። ሁለቱንም እጆቼን አንስቼ አንገታቸውን አቀፍኩ። አመመኝ። ቢሆንም ቶሎ አልለቀቅኳቸውም።